ለልጅቷ አሚን የተባለባት ቅዳሜ

ቅዳሜ የልብስ ቀኔ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ውጫሌ ላይ አማርኛ ሳስተምር እውላለሁ፤ ቅዳሜ ደግሞ የእናቴንና የራሴን ልብስ አጥባለሁ፣ የተማሪ ወረቀት አርማለሁ፣ ጊዜ ከተረፈኝ እተኛለሁ። ብዙ ጊዜ አይተርፈኝም። ስለዚህ የምወዳቸው ደራሲ ሐይቅ ከተማ መጥተው ከአንባቢ ጋር ሊገናኙ ነው የሚለውን ወሬ በስልኬ ሳየው መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ አልነበረም። ድካም ነው። አሁን ማን ይሄዳል፣ ልብሱንስ ማን ያጥበዋል፣ አልኩ። ልጅ ሳለሁ ቢሆን በእግሬም እሄድ ነበር።

ሴትየዋ የጻፉትን ሁሉ አንብቤያለሁ። ከሁሉም ግን ቤታችን ውስጥ እንደ ቤተሰብ የኖረው አንዱ ነው። አንዲት የገጠር ልጅ እናቷን ትታ ዓረብ አገር ለሥራ ስትሄድ የሚተርክ ልብ ወለድ ነው። ሽፋኑ ላይ «አንደኛ መጽሐፍ» ይላል። መጨረሻው ገጽ ላይ ልጅቷ በአውቶቡሱ መስኮት አንገቷን አውጥታ ወደ ኋላ ታያለች፤ እናትየዋ ደጃፍ ላይ ቆማለች፤ በቃ፣ እዚያ ላይ ያልቃል። ሁለተኛው መጽሐፍ አልወጣም። ደሴ በሄድኩ ቁጥር መጽሐፍ አዟሪዎቹን እጠይቅ ነበር። መጀመሪያ በቅርቡ ይወጣል ይሉኝ ነበር፤ ኋላ እሱን እንኳ ተይው ማለት ጀመሩ፤ አሁን የሚያዞሩት ወጣቶች አንደኛውንም አያውቁትም።

መጽሐፉን ቤት ያመጣችው ታናሽ እህቴ ናት። እናቴ ፊደል አልቆጠረችምና እህቴ ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ጮክ ብላ ታነብላት ነበር፤ እኔ ወረቀት እያረምኩ በአንድ ጆሮዬ እሰማለሁ። እህቴ ለሁሉም ድምፅ ትሰጣለች። ልጅቷን ለሚያሳፍረው ደላላ ጉሮሮዋን ታወፍራለች፤ ለእናትየዋ ቀስ ትላለች፤ እናቴ ደግሞ ደላላው በመጣ ቁጥር ትረግመዋለች። ከዚያ እህቴ ራሷ ሄደች። ደላላ እንዴት እንደሚያታልል በገዛ ድምፁ አስመስላ ስታነብ ከርማ፣ ራሷ ሄደች። ይህን ሳስብ እስካሁን ያናድደኛል። ስትሄድ፣ ሁለተኛው ሲወጣ ገዝተሽ በስልክ ታነቢልኛለሽ ብላኝ ነበር።

መጀመሪያ ሰሞን በየሳምንቱ ትደውል ነበር። ከዚያ አልፎ አልፎ ሆነ። ከዚያ ስልኳ ዝም አለ። እዚያው ሠርታ የተመለሰች አንዲት የአገራችን ልጅ ነበረች፤ እህቴ ከነበረችበት ቤት ወጥታለች ከማለት ሌላ የምትነግረን አልነበራትም። ሞተች ያለን የለም፣ አለች ያለንም የለም። መርዶ አልመጣምና ለቅሶ አልተቀመጥንም፤ እንዳንተወውም ልጃችን ናት። ጦርነቱ መጥቶ ሄደ፣ ሰው ተሰዶ ተመለሰ፣ እኛም ወጥተን ገባን፤ እናቴ በዚያ ሁሉ መሀል የምትጨነቀው ልጄ ብትደውል ስልኩ ተዘግቶ ታገኘዋለች እያለች ነበር።

እናቴ የቀራት ዱዓ ብቻ ነው። በወር አንዴ የሰፈሩ ዱበርቲዎች፣ ለዱዓ የሚሰበሰቡት ባልቴቶች ማለት ነው፣ እኛ ቤት ይቀመጣሉ። ክርስቲያኗ ጎረቤታችንም አትቀርም። አንዷ ትመርቃለች፤ ሌሎቹ መዳፋቸውን ዘርግተው አሚን ይላሉ። እኔም መጀመሪያ ላይ አብሬ እል ነበር። መቼ እንዳቆምኩ አላውቀውም። ከፈጣሪ ተጣልቼ አይደለም፤ ደከመኝ ብቻ። የእህቴ ነገር ሲነሳ ብርጭቆ ላንሳ ብዬ እወጣለሁ፤ አሚን ሲባል ጓዳ ነኝ። እናቴ አንድም ቀን ምነው ብላኝ አታውቅም። እኔም ልብ አላለችውም ብዬ ነበር።

የደራሲዋን መምጣት የነገርኳት እንግዲህ በሽሙጥ ነው። ያንን መጽሐፍ ሳይጨርሱ ጥለውት የሄዱት ሴትዮ ሐይቅ ይመጣሉ አሉ፣ አልኳት። ምስር እየለቀመች ነበር። እጇን አቆመች።

«ልጅቱ ትመለስ እንደሁ ጠይቂልኝ» አለች።

ድርሰት መሆኑን አስታወስኳት። እሷም ታውቃለች፤ ሞኝ አይደለችም። ግን ሴትየዋ እኛን ሳያዩ ቤታችንን እንዲያ አድርገው ካወቁት፣ የቀረውንስ የማያውቁበት ምን ምክንያት አለ ብላ ታስባለች። ልብሱ የትም አይሄድ፣ ለሌላ ቀን ይቆይ አለችኝ። ጉልበቷ ባይይዛት እኔንም አትልከኝም ነበር፤ እሷው ትሄዳለች።

ከውጫሌ ሐይቅ ሩቅ አይደለም፤ ሩቅ የሚያደርገው ሚኒባሱ እስኪሞላ መጠበቁ ነው። ከኋላ ወንበር፣ በአንድ ማዳበሪያ ሽንኩርትና ዶሮ በታቀፉ ሽማግሌ መሀል ተጣብቄ ተቀመጥኩ። መጽሐፉ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። በቀኝ በኩል የአምባሰል ገደል ጉም ለብሶ ያልፋል፤ እኔ ጥያቄዬን እደረድራለሁ። አስተማሪ ነኝና ወጉን ጠብቄ ልጠይቅ ነበር ሐሳቤ፤ ሁለተኛው ክፍል መቼ ለኅትመት እንደሚበቃ፣ ደራሲዋ ለምን እንደዘገዩ፣ እንዲህ እንዲህ ያለ። እውነቱን ለመናገር ግን ፈርቼ ነበር። ልጅቷ እዚያው ትቀራለች ቢሉኝስ? ያንን ይዤ እናቴ ፊት እንዴት ነው የምገባው? ዋሽቼ ትመለሳለች ብላት ደግሞ ታውቅብኛለች። እናቴ ድምፄን ሰምታ ምሳ መብላቴን ሳይቀር ታውቃለች።

ለጠዋት ሦስት ሰዓት የተባለው ዝግጅት እኩለ ቀን ሲቃረብም አልተጀመረም። ደራሲዋ የገቡት በዋዜማው ነው አሉ። ጠዋት አስተናጋጆቹ ሐይቁ ዳር ወስደው ዓሣ አበሏቸው፤ ከዚያ ሌላው ቤታችንን ሳይረግጡማ አይሆንም አለ፤ ከዚያም ሦስተኛው ተቀየመ። እኛ ዘንድ እንግዳን ማብላት ዋናው ሥራ ነው፤ እንግዳው የመጣበት ጉዳይ ጊዜ ከተረፈ ይታያል። አዳራሹ ውስጥ የላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። መብራት ጠፋ፤ ጄኔሬተር መጣ፤ ጄኔሬተሩም ሁለት ጊዜ አጓርቶ ዝም አለ። ልብሱን አጥቤ ብመጣ እንኳ እደርስ ነበር።

በመጨረሻ ገቡ። መጽሐፉ ጀርባ ላይ ያለው ፎቶ የወጣት ሴት ነው፤ እኔም ሳላውቀው ያቺን ወጣት ስጠብቅ ኖሬያለሁ። የገቡት አጭር፣ ደቃቃ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ አሮጊት ናቸው። መድረኩ ላይ እንደተቀመጡ ከጠረጴዛው ሥር እግራቸውን ከጫማቸው በቀስታ ሲያወጡ አየሁ። እግራቸው አብጧል። ልቤ ትንሽ የተከፈተላቸው ያኔ ነው። እኔም በስድስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ከጠረጴዛዬ ሥር የማደርገው ይህንኑ ነው።

ምርቃት ቀደመ። ያለ ምርቃት እዚህ አገር የወላጆች ስብሰባ እንኳ አይከፈት። ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ አንድ ሸህ መረቁ፤ አጠገባቸው የተቀመጡት ቄስም ተከተሉ፤ አዳራሹም አሚን አሜን አለ። ከዚያ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ስለ ንባብ ጥቅም ረጅም ንግግር አደረጉ፤ አለማንበባቸው ከንግግሩ ይታወቃል። ተማሪዎች ግጥም አነበቡ። አንድ ማሲንቆ ያዥ አምባሰልን ተጫወተ፤ እውነትም አሳምሮ ተጫወተ፤ ግን አምባሰል የደከመውን ሰው ጭራሽ ያደክመዋል። ዓይኔ ሊከደን ምንም አልቀረው።

የደራሲዋ ተራ ሲደርስ ብዙ አላወሩም። መንገዱ እንዳደከማቸው፣ የበሉት ዓሣ እንደጣፈጣቸው ተናገሩ፤ ከብዙ ጊዜ ጀምሮ አዲስ መጽሐፍ እንዳላወጡም ሳይሸሽጉ ነገሩን። ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው የዚያን መጽሐፍ መጨረሻ ገጽ አነበቡ። እንደ እህቴ አያነቡም። ለማንም ድምፅ አይሰጡም፤ ዝም ብለው እንደ ደብዳቤ ነው የሚያነቡት። እናትየዋ ደጃፍ ላይ ቆማ አውቶቡሱ ካለፈ በኋላ አቧራው እስኪሰክን ድረስ አልገባም ያለችበት ጋ ሲደርሱ፣ ፊት ወንበር ላይ የነበሩት ሸህ ራሳቸውን ነቅንቀው በሐዘን «ወይ ነዶ!» ሲሉ ተሰማ። ሰው ዞር ብሎ አያቸው። እኔ ግን አልፈረድኩባቸውም፤ እናቴም እዚያ ቦታ ላይ የምትለው እሱኑ ነው።

ጥያቄ ተፈቀደ። አንዱ ተማሪ ለወጣቱ ምን ይመክራሉ አለ፤ ሌላው እንዴት ደራሲ መሆን ይቻላል አለ። ደራሲዋ በትዕግሥት መለሱ፤ ብዙ ከተማ ላይ የመለሱት መሆኑ ያስታውቃል። እጄን አወጣሁ። ድምፅ ማጉያው በእጅ በእጅ ተቀባብሎ መጣልኝ። ተነሣሁ። ያ ስደረድረው የመጣሁት የአስተማሪ ጥያቄ ጠፋኝ።

«እናቴ ጠይቂ ብላኛለች» አልኩ። «ልጅቷ ትመለሳለች?»

ለመጠየቅ ይህን ያህል ድምፄ ይንቀጠቀጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ደራሲዋ መነጽራቸውን አወለቁ።

«አላውቅም» አሉ። «ሰው አውቄ የደበቅኩ ይመስለዋል። ከተሳፈረች ወዲህ የት እንዳለች አላውቅም። ቤቷ ላስገባት ብዬ ስንት ጊዜ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። ቀረች ብዬ እንዳልዘጋው ደግሞ ልቤ እምቢ አለ።»

ሌላ ነገር የሚጨምሩ መስሎኝ ቆሜ ጠበቅኩ። አልጨመሩም። ይኸው ነው መልሱ፣ ይህንን ልሰማ ነው የመጣሁት፣ ብዬ ልቀመጥ ስል ሸሁ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ወደኔ ዞሩ። ሰውየው ልብ ወለድ አንባቢ አይደሉም፤ ሊመርቁ ተጠርተው የመጡ ናቸው። የሰሙት አንዲት እናት ደጅ ላይ መቅረቷን ነው፤ ያዩት ድምፅዋ የሚንቀጠቀጥ ሴት ስለ ልጅ ስትጠይቅ፣ ሌላዋ ሴት ደግሞ የት እንዳለች አላውቅም ስትል ነው። ከዚህ የሚገኘው ትርጉም አንድ ነው።

«እናቷ በሕይወት አለች?» አሉኝ።

የዝግጅቱ መሪ ነገሩ ገብቶት ወደ ሸሁ መጣ። ወጣት መምህር ነው፤ ልቦለድ መሆኑን በጆሯቸው ሊነግራቸው ጎንበስ እያለ ነበር። እኔም ማለት የነበረብኝ ይህንኑ ነው። አላልኩም።

«አለች» አልኩ።

ስለ የትኛዋ እናት እንደመለስኩ ለማሰብ ጊዜ አላገኘሁም። ሸሁ ወደ ሕዝቡ ዞረዋል።

«ያ ጀማዓ፣ ልጅ ጠፍታ እንዲሁ አይበተንም» አሉ። «መዳፋችሁን ዘርጉ።»

እኛ አገር መዳፍ ከተዘረጋ በኋላ የሚያቋርጥ የለም። ባለሥልጣን ቢሆን ይጠብቃል፤ ሥጋ እሳት ላይ ቢያርርም ይጠብቃል። የዝግጅቱ መሪ እንደጎነበሰ ቀረ፤ ከዚያ ቀና ብሎ ድምፅ ማጉያውን ብብቱ ሥር አስገብቶ እጁን ዘረጋ። ቄሱም ከመቀመጫቸው ተነሡ። ከኋላ አንድ ተማሪ ሊስቅ ሲል ጓደኛው በክርኑ ጎሸም አደረገው። ከዚያ ወዲያ አዳራሹ ውስጥ ድርሰት መሆኑን የሚያውቀውም የማያውቀውም አንድ ሆነ።

«ያ ረቢ፣ የወጣችዋን በሰላም አግባት» አሉ ሸሁ።

አሚን፣ አለ ሰው።

«ባለችበት ጠብቃት፤ ከክፉ ሰው እጅ አውጣት፤ ደግ ሰው ላይ ጣላት።»

አሚን።

«ደጅ ደጁን ለምታይ እናቷ፣ ዓይኗን በዓይኗ አሳያት።»

የምወጣበት ጓዳ አልነበረም። የማነሳው ብርጭቆም የለ። በግራ በቀኝ የሰው ጉልበት ነው፤ ጥያቄዬን እንደጠየቅኩ ቆሜያለሁ፤ ቦርሳዬ ትከሻዬ ላይ ነው። ቀና ስል ደራሲዋን አየሁ። ከጠረጴዛው ኋላ በባዶ እግራቸው ቆመዋል፤ ሁለት እጃቸውን እንደማያውቀው ሰው ጠበብ አድርገው ዘርግተዋል፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ይታያል። የፈጠሯት ልጅ ናት። እንደሌለች ከማንም በላይ እሳቸው ያውቃሉ። እና አሚን ይላሉ። ያኔ እኔም አሚን አልኩ። ጮክ ብዬ ሳይሆን አይቀርም፤ አጠገቤ ያለችው ሴት ክንዴን ያዘችኝ። አለቀስኩ። ከዚያ በፊት ለእህቴ በሰው ፊት አልቅሼ አላውቅም ነበር፤ መርዶ ያልመጣላትን ማልቀስ መርዶ መጥራት ይመስለኝ ነበር።

ሸሁ ፊታቸውን በመዳፋቸው አብሰው ተቀመጡ። ማንም አላስተካከላቸውም፤ እስካሁንም ለአንዲት የሐይቅ ወይም የውጫሌ ልጅ ዱዓ እንዳደረጉ ነው የሚያውቁት። እኔ እንደሆንኩ ተሳስተዋል ለማለት አፌ አይደፍርም።

ከዚያ ፊርማ ሆነ። ሰው መጽሐፉን እየያዘ ተሰለፈ። ተራዬ ሲደርስ ደራሲዋ እጄን ያዙኝና ወደራሳቸው ጎተት አደረጉኝ።

«ማናት?» አሉኝ በለሆሳስ።

እህቴ መሆኗን ነገርኳቸው። መጽሐፉን ጮክ ብላ ለእናታችን ታነብ እንደነበር፣ ለደላላው ድምፅ ታወጣለት እንደነበር፣ ከዚያ ሂዳ እንደጠፋች፤ እንደመጣልኝ ነገርኳቸው። ከኋላዬ ያለው ሰው ይቁነጠነጣል። አላቋረጡኝም፣ አይዞሽም አላሉኝም። ደክሟቸዋል፤ ዓይናቸው ቀልቷል። እንዲህ ያለ ታሪክ የሚነግራቸው የመጀመሪያዋ ሰው እንዳልሆንኩ ከፊታቸው ገባኝ። በየከተማው አንዲት እንደኔ ያለች ሳትኖር አትቀርም። ሁለተኛው መጽሐፍ ለምን እንዳቃታቸውም የዚያን ጊዜ የገባኝ መሰለኝ።

«ለእናትሽ ምን ልትያት ነው?» አሉኝ።

«ያሉኝን ነዋ። አላውቅም ብለዋል እላታለሁ።»

ብዕራቸውን አስቀመጡ።

«እሱን ንገሪያት። ውሸት አይጠቅማትም» አሉ። «ግን አሚን ማለቴንም ንገሪልኝ።»

ሌላው ሰው መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ እኔም ወጣሁ። መጽሐፌን ከቦርሳዬ አለማውጣቴ ትዝ ያለኝ ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ ነው። ሙሉ ቀን የተሸከምኩት፣ የታጠፉት ገጾች እንዳይታዩ አንድ ማታ ሙሉ ሌላ መጽሐፍ ጭኜበት ያሳደርኩት መጽሐፍ ሳይፈረም ተመለሰ። መመለስ እችል ነበር፤ ሚኒባሱ ገና አልሞላም። አልተመለስኩም። እግሬም አልቻለም፣ አጠገቤ የተቀመጠውን ተሳፋሪ ማስነሳትም አልፈለግኩም።

ቤት ስደርስ እናቴ መግሪብ ሰግዳ ገና ከመስገጃዋ አልተነሣችም። ምሳ በላሽ ወይ ሳትል፣ ሰላምታም ሳትጨርስ፣ ምን አለች አለችኝ። በሩ ላይ እንደቆምኩ ሁሉንም ነገርኳት። ደራሲዋ አላውቅም እንዳሉ፤ ላስገባት ብዬ አልሆነልኝም፣ ቀረች ብዬም አልዘጋውም አሉ አልኳት። ፊቷ እንዳይጠቁር እየፈራሁ ነው የማወራው። አልጠቆረም። እንደሰማች እንደሰማች ራሷን ነቀነቀች፤ የማታውቀውን ነገር የነገርኳት አይመስልም። ሸሁ ልጅቷን የእውነት መስለዋቸው ዱዓ ማድረጋቸውን ስነግራት ፈገግ አለች። ሴትየዋ ራሳቸው እጃቸውን ዘርግተው አሚን ማለታቸውንና ንገሪልኝ ማለታቸውን ስነግራት ፈገግታው ቆመ።

ወደላይ አየችኝ።

«አንችስ?» አለችኝ። «አልሽ?»

የዚያን ጊዜ ነው ሁሉን ታውቅ እንደነበር የገባኝ። ብርጭቆ እያነሳሁ ስወጣ፣ ጓዳ ቆሜ ዱዓው እስኪያልፍ ስጠብቅ፣ በዚያ ሁሉ ወር ድምፄ መጉደሉን ስትሰማው ኖራለች።

«አልኩ» አልኳት።

እናቴ ከመስገጃው ላይ ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ።

«ብቻዬን ስለው ደክሞኝ ነበር» አለች።

ጫማዬን አውልቄ አጠገቧ ተቀመጥኩ።